ለጎመን የተተከለ ድንኳን

አንድ ሰው ሞተ የምትሉት መቼ ነው? ትንፋሹ ሲቆም? ልቡ ሲቆም? ወይስ ግቢው ውስጥ ነጭ ድንኳን ሲታይ? የምጠይቀው እያንዳንዳችሁን ነው። እኔ እስከ ዘንድሮ ግንቦት ድረስ መልሱን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። አርባ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ፈተና ላይ ያወጣ ባልደረባ ቢኖረኝ ጤንነቱን እጠራጠር ነበር።

ነገሩ የጀመረው በጎመን ነው።

እኛ የጥቁር ዋርካ ሰፈር ሰዎች ግንቦት ሲገባ ጓሯችንን ለወበቁ እናዘጋጃለን። ሐምሌና ነሐሴ ድሮ ብርድ ነበሩ፣ ሰው ጋቢ ደርቦ እጁን እያሻሸ ይውል ነበር ስንላቸው የልጅ ልጆቻችን ይስቁብናል። እነሱ የሚያውቁት ክረምት ዝናቡ ለብ ያለ፣ ሲያባራ ደግሞ መሬቱ እንደተከፈተ ድስት የሚተነፍስበት፣ ላብ ከቆዳ ላይ አልደርቅ የሚልበት ወቅት ነው። የወበቁ ልክ ሲያልፍ ጡሩንባ ይነፋል። አንዴ ከተነፋ አዛውንት ይግባ፣ ሁለቴ ከተነፋ ሁሉም ይግባ ነው። ቤት የገባ ሰው የሚተነፍሰው በመስመር የሚመጣ ቀዝቃዛ አየር ነው፤ እሱም ለእያንዳንዱ ነዋሪ በሕይወት መዝገብ ላይ በተሰጠው ሰዓት ልክ ይለቀቃል። ሰዓትህ ሲያልቅ መስመሩ ይዘጋል።

ከእኔ ጋር በአንድ አጥር የምትዋሰነው ኤልዳና ጓሮ በማዘጋጀት የሚስተካከላት አልነበረም። ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ሚያዝያ ሳያልቅ መደቦቿን ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ታደርጋለች፣ ውሃ እንዳይተኛባቸው። በመሃላቸው ቦይ ታወጣለች። ጎመኑን ታሳሳለች፤ የቲማቲሙን የታች ቅጠል አየር እንዲያልፍና ሻጋታ እንዳይገባ በመቀስ ትቆርጣለች፤ ሥር ሥሩን ጭድ ታለብሳለች። ጎደሬው ጥላ ስለሚወድ ከግድግዳው ሥር ነው ቦታው። ውሃ የምታጠጣው ንጋት ላይ፣ እሱም ሥሩን ብቻ ነው። ቅጠል ያረጠበ ሰው ካየች ትቆጣለች።

"ሰውም እንደዚያው ነው መምህር፤ እርጥቡ ከላዩ ካልደረቀለት አለቀለት" ትለኝ ነበር።

ይህን የምትለው ባሏን እያሰበች ነው። ኖላዊ ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ልቡ ደክሟል። በወበቅ ወራት ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ካልዋለ እንደማይተርፍ ሐኪሙ በጽሑፍ አረጋግጦለታል። በዚህ የተነሳ ድርሻው በቀን ስምንት ሰዓት ነበር። የኤልዳና እንደማንኛችንም አራት ነው።

ዘንድሮ የጥላ መረብ ከመደብር ጠፋ። ጥላ የሌለው ጎመን ደግሞ በዝናብና በዝናብ መካከል በምትወጣው ፀሐይ ቆሞ ይቀቀላል። ኤልዳና ግንቦት ሃያ ቀን ጠዋት የእድራችንን ዕቃ ቤት አንኳኳች። ቁልፉን የምይዘው እኔ ነኝ።

"አሮጌውን ድንኳን አውጣልኝ።"

"ማን ሞተ?"

"ማንም። ለጎመኔ ነው።"

"ድንኳን ለጎመን?"

"እስኪሞት ልጠብቀው?"

የእድሩ ሊቀመንበር ያፌት ከውስጥ ወንበር ሲቆጥር ሰምቶ ብቅ አለ። "እድር የሚያውቀው ሬሳ ነው፤ ዛሬ ለጎመን ከሰጠን ነገ ለዶሮ ይባላል" አለ።

"ያፌትዬ፣ እዚህ እድር አርባ ዓመት ስቆይ አንድ ቀን ድንኳን ወስጄ አላውቅም።"

"ተመስገን በያ!"

"እሱንማ እላለሁ። ግን አይጥ ሲበላው ዝም ብለህ ጎመን ላይ ሲሆን የምትቆጣው ለምንድን ነው?"

ያፌት ሳቀና ፈቀደ። እኔ የወጪ ሰነዱን ታብሌቱ ላይ ሞላሁ። ቀን፣ የዕቃው ዓይነት፣ የአባሉ ስም። በእኛ እድር ባል ያለው ቤት የሚመዘገበው በባል ስም ነው፤ ከአያቶቻችን ጊዜ ጀምሮ እንዲሁ ነው። አቶ ኖላዊ ሰይፉ ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። አላሰብኩበትም። ሃምሳ ጊዜ የጻፍኩት ዓይነት ሰነድ ነው።

ድንኳኑን ከመደቦቹ በላይ ስንተክለው ጎኖቹን ጠቅልላ በገመድ አሰረቻቸው። "አየር ካላለፈ ጥላ አይደለም፤ እንፋሎት ነው" አለች። አምሮበት ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መምጣት ጀመሩ። ጎረቤታችን ያኔት ከበሩ ጀምራ እያለቀሰች፣ በሰፌድ ንፍሮ ይዛ ገባች። ኖላዊ ድምፅ ሰምቶ መስኮቱን ከፈተ።

"ያኔት፣ ማን ነው የሞተው?"

ሴትዮዋ ባለችበት ቀረች። "አንተ ነሃ!"

"እኔ? ማን ነገረሽ?"

"ድንኳኑ!"

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሳቅ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ኖላዊ "ንፍሮውን አትመልሺው፤ የራሱን ለቅሶ የቀመሰ ሰው አለ እንዲባልልኝ" አለ። ሃያ ያህል ሰው ጎመኑ መሃል ተቀምጦ ንፍሮ እየቆረጠመ ሲቀልድበት ዋለ። በማግስቱም መጡ፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ፤ በሰፈሩ ውስጥ እንደዚያ ድንኳን የሚቀዘቅዝ ጥላ አልነበረማ። እንግዲህ ልብ በሉ። እነዚህ ሰዎችም ተሳስተዋል። ስህተታቸውን ለማረም የፈጀባቸው ግን አንድ ጥያቄና አንድ መልስ ነው።

ግንቦት ሃያ አራት ቀን ጠዋት ኤልዳና ስልኳን ይዛ አጥሩ ላይ ጠራችኝ። መልእክቱን ቃል በቃል አስቀምጠዋለሁ፦

"የተከበሩ ወ/ሮ ኤልዳና ተስፋ፤ በባለቤትዎ በአቶ ኖላዊ ሰይፉ ዕረፍት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን። የሟች የቀዝቃዛ አየር ድርሻ ከዛሬ ግንቦት 24 ቀን 2071 ዓ.ም. ጀምሮ ተመላሽ ሆኗል። መጽናናትን ይስጥዎ። የሕይወት መዝገብ ጽሕፈት ቤት።"

ኖላዊ ሲያነበው "መጽናናቱን ለእኔም ቢመኙልኝ ምን ነበረበት" አለ። ከእኛ መሃል ማንም አልሳቀም። የአየር ማስገቢያው አጠገብ ያለው ሰሌዳ ላይ ዐሥራ ሁለት የነበረው ቁጥር አራት ሆኗል።

ድንኳን ሞት መሆኑን ጽሕፈት ቤቱ ከየት አመጣው ትሉኛላችሁ። ከእኛ ነው። ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት ሰው ዘመዱ ሲሞት ማስመዝገብ አቆመ፤ የሟቾች አየር ማንም በሌለበት ክፍል ሲነፍስ ይውል ነበር። ያኔ አንድ ብልህ ሰው፣ እዚህ አገር ያለ ድንኳን የሚቀበር የለም፣ ከላይ ሆነን ድንኳን እንቁጠር አለ። ከሰማይ የሚያይ ካሜራ ተገጠመ፤ የየእድሩም ሰነድ ከመዝገቡ ጋር ተያያዘ። በአዳራሹ ስብሰባ ላይ ሐሳቡ ሲቀርብ ተነስተን አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

የዚያኑ ዕለት ጠዋት ከኤልዳና ጋር ጽሕፈት ቤቱ ሄድን። ያስተናገደችን ትርንጎ የምትባል ወጣት ናት፤ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ያስደነገጠኝም እሱ ነው።

"የኔ ልጅ፣ ባለቤቴ አልሞተም። ቁርሱን አብልቼው ነው የመጣሁት" አለቻት ኤልዳና።

"አይዞዎት እትዬ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው እንደዚህ ይላል፤ መመሪያችን ላይም ተጽፏል።"

"እኔ ሐዘንተኛ አይደለሁም፤ ጎረቤት ነኝ። ሰውዬው በሕይወት አለ" አልኳት።

ልጅቷ ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችው። ከላይ የተነሳ ሥዕል ነው፤ የኤልዳና ግቢ፣ ነጩ ድንኳን። "ድንኳን፣ ሦስት ቀን" አለች። ቀጥላ፣ "ነጠላ ያዘቀዘቁ ሰዎች፣ ሃያ ሦስት። አቶ ኖላዊ ስድስት ወር ሙሉ ከቤት ውጭ አልታዩም። ይሄ ደግሞ የእድሩ ሰነድ ነው። ፊርማው የማን ነው ጋሼ?"

"የኔ።"

"የማን ስም ነው የጻፉት?"

ኤልዳና ዞራ አየችኝ።

"ለጎመን ነው ብለህ የምትጽፍበት ቦታ አልነበረውም?"

"አልነበረውም።"

ከዚያ ቀን በኋላ ይህን ነገር አንስታብኝ አታውቅም። ብታነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።

"በስልክ እናሳይሽ፤ አሁን ደውለን ያነጋግርሽ" አልኩ።

"ምስልና ድምፅ ማስረጃ መሆን ከቀረ ስንት ዓመቱ ጋሼ፤ እርስዎም ያውቁታል። በአካል ይምጡና ጣታቸውን ያሳርፉ።"

"እንዴት ይምጣ? ቀዝቃዛ አየር ያለው ባስ ጣት አንብቦ ነው የሚያሳፍረው፤ የሟች ጣት አይቀበልም። በሌላ መኪና ሁለት ሰዓት ተጉዞ፣ እዚህ ወረፋ ላይ ስድስት ሰዓት ካለፈበት የምታገኚው እውነተኛ ሬሳ ነው።"

"ሰው ወደ ቤታቸው እንዳንልክ ደግሞ ሟች ቤት ሠራተኛ አይላክም።"

"ድንኳኑን ብናነሳውስ?" አለች ኤልዳና።

"ያኔ ሐዘኑ አለቀ ተብሎ ይመዘገባል እትዬ።" ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ለዕርማት ኮሚቴው አመልክቱ። ኮሚቴው ግን በወበቅ ወራት አይሰበሰብም። ጥቅምት ላይ ነው።"

ማመልከቻውን በዚያው ቀን አስገባሁ። በየሳምንቱ ሰኞም ደገምኩት። ዐሥራ አራት ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ ዐሥራ አራቱም "ደርሶናል" የሚል መልስ አላቸው።

አሁን ወደ አስከፊው ነገር እመጣለሁ። የአየር መስመሩ ትንፋሽ ይቆጥራል። በቤቱ ከተመዘገበው ሰው በላይ የሚተነፍስ ካለ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይዘጋል፤ ድርሻ እንዳይሰረቅ ነው ይባላል። በኤልዳና ቤት የተመዘገበ ነፍስ አንድ ብቻ ቀረ፤ እሱም የእሷ ነው። ኖላዊ የእሷን አራት ሰዓት እንዲተነፍስላት ከፈለገች በእነዚያ አራት ሰዓታት እሷ ቤት ውስጥ መሆን የለባትም።

አራቱ ሰዓት እንዲለቀቅ የመረጠችው ከስድስት እስከ አሥር ነው።

ሰኔ ሦስት ቀን ወደ እኔ ቤት አስገባኋት። መስመሩ ወዲያው ተዘጋ። የልጄ ሚስት እርጉዝ ናት፤ ፊቷ ሲቀላ ኤልዳና አየችና ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ተመልሳ አልመጣችም። ያፌትም ለመናት፤ ያኔትም ለመነቻት። "የእናንተን ቤት ዘግቼ የኔን ልክፈት?" ነበር መልሷ።

ስለዚህ በየቀኑ እንዲህ ሆነ። ጡሩንባው ሁለቴ ሲነፋ፣ ሁላችንም በራችንን ዘግተን ስንገባ፣ ኤልዳና በሯን ዘግታ ትወጣለች። ባልዲ ውሃ ጎኗ ታስቀምጣለች፤ እርጥብ ፎጣ አንገቷ ላይ ትጠመጥማለች፤ ድንኳኑ ሥር ከጎደሬው አጠገብ ዱካ ላይ ትቀመጣለች። እኔ ቀዝቃዛ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ በመስኮት አያታለሁ። ቦዩን ትጠርጋለች። ሻጋታ የነካውን ቅጠል ለቅማ ለብቻው ትቀብራለች። ዝናቡ ያጠበውን ጭድ ትመልሳለች። አንዳንዴ ኖላዊ ከውስጥ መስታወቱን ይመታል፤ እሷ እጇን ታወዛውዛለች፤ መስኮቱን እንዳይከፍት ደግሞ በጣቷ ታስጠነቅቀዋለች።

አንድ ቀን ዐሥር ሰዓት እንደሞላ አጥሩ ጋ ጠብቄ፣ "ይህ ነገር ይገድልሻል" አልኳት።

"የትኛው?"

"ፀሐዩ። ወበቁ።"

"ጓሮዬን በደንብ አዘጋጅቼዋለሁ። ቲማቲሙን አየኸው? የዘንድሮን የመሰለ አፍርቼ አላውቅም።"

እውነቷን ነበር። የሰፈሩ ጓሮ ሁሉ በሐምሌ ሲበሰብስ የእሷ ብቻ አረንጓዴ ነበር። በዚያ ወር ጎመን ያልሰጠችው ጎረቤት የለም።

ነሐሴ ስድስት ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ በመስኮት ሳያት ዱካው ላይ ተቀምጣለች፤ ራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋለች። መቀሱ ጭኗ ላይ ነው። የደከማት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ኖላዊ መስታወቱን ሲመታ ሰማሁ። መታ፤ መታ። እጇን አላወዛወዘችም።

ወጥቼ ሮጥኩ። ግቢዬን አቋርጬ እስክደርስ ልብሴ በላብ ተጣብቆብኝ ነበር። ፎጣው አንገቷ ላይ ሞቆ ነበር። ኖላዊ መስኮቱን ከፍቶ፣ "እርጥብ አድርጋት፤ ውሃ አፍስስባት" ይለኛል። አፈሰስኩ። ባልዲውን ሁሉ አፈሰስኩ። ውሃው ከላይዋ ወርዶ በቦዩ በኩል፣ ልክ እሷ እንዳበጀችው፣ ሳይተኛ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ቀበርናት። ሌላ ድንኳን መትከል አላስፈለገንም፤ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። ንፍሮውን ያመጣችው ያኔት ናት፤ ሰዎች ባለፈው የተቀመጡበት ቦታ ላይ ተቀመጡ።

እኔም እንደ ሞኝ የጽሕፈት ቤቱን መልእክት ጠበቅኩ። አልመጣም። ሦስት ቀን አለፈ፤ ሳምንት አለፈ። ያን ጊዜ ገባኝ። ከላይ የሚያየው ዓይን አዲስ ድንኳን አላየም። ያየው ከግንቦት ጀምሮ የሚያውቀውን ድንኳን ነው፤ የኖላዊን። በመዝገቡ ላይ ኤልዳና እስከዚች ደቂቃ ድረስ በሕይወት አለች። አየሯ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ሳይዛነፍ ይመጣል። መስመሩ ይቆጥራል፤ አንድ ትንፋሽ ያገኛል፤ ልክ ነው ይላል። የሞተ የተባለው ሰው በሕይወት ያለው ሞታ ሳለ በሕይወት አለች በተባለች ሚስቱ አየር ነው።

ያፌት ዝም እንበል አለ። "ማን ይጠይቀናል? እስከ ጥቅምት ይተንፍስበት። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ያኔ እናያለን።" አብዛኞቻችን ተስማማን፤ እኔም ተስማምቼ ነበር።

ያልተስማማው ኖላዊ ነው። ባለፈው እሑድ አስጠራኝ። መስመሩ ትንፋሼን ቆጥሮ እንዳይዘጋበት እኔ ከመስኮቱ ውጭ ቆሜ ነው ያነጋገርኩት።

"አንተ አስተማሪ አይደለህ? ጻፈው" አለኝ።

"ከጻፍኩት ይዘጉታል ኖላዊ። የእሷን ሞት ያርሙና የአንተን ይተዉታል። የእሷ አንድ ሥዕል ነው የሚፈጅባቸው። የአንተ ጥቅምት ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"እኔ ሳልሞት ሃያ ሦስት ሰው ነጠላ አዘቅዝቆ አለቀሰልኝ። እሷ ሞታ መልእክት እንኳ አልተጻፈላትም። ጎመኑ ላይ በተተከለ፣ በእኔ ስም በወጣ ድንኳን ነው የተለቀሰላት።" ትንፋሹ አጥሮበት ነበር። "በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ያ ነገር ሽው ብሎ ይከፈታል። እሷ በሩን ዘግታ የወጣች ይመስለኛል። ልክ በዚያ ሰዓት። ድንኳኑን ንቀሉና ለእሷ መልሳችሁ ትከሉት። በስሟ።"

"አየሩስ?"

"ለሚመለከተው ሰው ጻፍ አልኩህ እኮ።"

ይኸው ጻፍኩላችሁ፣ የሕይወት መዝገብ ጽሕፈት ቤት ሰዎች።

የእድራችን ጉባኤ ማክሰኞ ተሰብስቦ የወሰነው ይህ ነው። የፊታችን ዓርብ፣ ነሐሴ ሃያ ሰባት ቀን ጠዋት፣ ድንኳኑን እንነቅላለን። በዚያው ቀን መልሰን እንተክለዋለን። በወጪ ሰነዱ ላይ የምጽፈው ስም ኤልዳና ተስፋ የሚል ነው፤ በእድራችን ታሪክ ባሏ በሕይወት እያለ በራሷ ስም ድንኳን የወጣላት የመጀመሪያዋ ሴት ትሆናለች። ከላይ ያለው ዓይናችሁ ያየዋል። በሦስተኛው ቀን የሐዘን መግለጫችሁን ትልካላችሁ፤ ለማን እንደምትልኩት ግን አላውቅም፤ በመዝገባችሁ መሠረት በዚያ ቤት የሚቀበላችሁ ሰው የለም። የሚቀጥለው ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን መስመሩ አይከፈትም። ኖላዊ በአልጋው ላይ ይሆናል። እኛም በየመስኮታችን ቆመን እናያለን፤ ማየት ለምደናል።

ሳልጽፈው የማልፈው አንድ ነገር አለ። ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለዚህ በፈለጋችሁት ሸንጎ እጠየቃለሁ፤ አድራሻዬን ታውቁታላችሁ። የእኔ ስህተት ግን የአንድ ደቂቃ ነበር፤ መልእክታችሁ በደረሰን ዕለትም አምኜ መጥቼ ነግሬአችኋለሁ። ሚስቱ መጥታ ነግራችኋለች። ዐሥራ አራት ጊዜ ተጽፎላችኋል። እናንተ የተሳሳታችሁት በየቀኑ፣ አራት አራት ሰዓት፣ ሁለት ወር ከዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ነው።

ስለዚህ የሕይወት መዝገብ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፣ ደብዳቤ አይጻፉልኝ፤ "ደርሶናል" የሚለውንም አልቀበልም። ሐሙስ ዕለት ወደ ሰፈራችን ይምጡ። ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ይሁን፤ ጡሩንባው ሁለቴ ከተነፋ በኋላ። ዱካዋ እዚያው ድንኳኑ ሥር አለ፤ እንዲቀመጡበት አጽድተን እንጠብቅዎታለን። ኖላዊ በመስኮቱ ይሆናል። ፊት ለፊት ይዩትና፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ፣ በአንድ ቃል ይመልሱ፦ ይህ ሰው በሕይወት አለ ወይስ የለም?